የአባት ጥንቃቄና የልጅ ሙከራ

ከመገናኛ ተነሥቶ በሃያ ሁለት ማዞሪያ በኩል ወደ ዑራኤል የሚወስደው ሰፊ ጎዳና ቀድሞ «የአስመራ መንገድ» ይባል ነበር። ዛሬ የሚጠራው በሕይወት ባለ ሰው ስም ነው። ነገር ግን በዚህ ጎዳና ግራና ቀኝ የሚነግድ ሰው ሥፍራውን ሲያመለክት የጎዳናውን ስም አያነሣም፤ «ሃያ ሁለት» ብሎ ያልፋል። ይህም እንደሚነገረው 22 ቁጥር የአንበሳ አውቶቡስ እዚህ ደርሶ ይዞር ከነበረበት ዘመን የተረፈ ስም ነው። የጎዳናው ስም የሚገኘው በከተማው ካርታና በጥቂት ድርጅቶች የደብዳቤ ራስጌ ላይ ነው። ስሙን በየቀኑ የሚጽፈው ጸሓፊ እንኳ ደብዳቤውን አጥፎ በፖስታ ሲከት የባለስሙን ታሪክ አያስብም።

ስሙ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው።

እኒህ ሰው በሩጫ ያገኙት ክብር በሕፃን በአዋቂው ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ ላይ በዝርዝር መድገም አያስፈልግም። የንግድ ሰው ሊመለከተው የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ሻለቃ ኃይሌ መሞከር እንደ አደጋ በሚቈጠርበት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ሌላው ሰው «እንግዲህ ሥራዬ ይኸው ነው» ብሎ በሚረጋጋበት ዕድሜ ያልለመዱትን ርቀት ሮጡ፤ ያልለመዱትንም ንግድ አስፋፉ። ይህን ሲያደርጉ ያደጉበትን ጥንቃቄ አውጥተው ጣሉት ወይስ ይዘውት ሄዱ? ለሱቅ ባለቤትም ለአስመጪም የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው።

ሻለቃ ኃይሌ የተወለዱት ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአሰላ አካባቢ ነው። አባታቸው አቶ ገብረ ሥላሴ በቀለ ገበሬ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም 10 ነበሩ። እናት ልጁ ገና ሳያድግ ስለ ሞቱ የቤቱ ሸክም በአባት ትከሻ ላይ ወደቀ። ያ ዘመን እንዴት ያለ ዘመን እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ልጁ በተወለደበት ዓመት ወሎ በረኃብ ላይ ነበር። ገና 2 ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ይሆን ዘንድ ታወጀ። ገበሬው የሚያርሰውን መሬት ያዘ እንጂ መሸጥ፣ መለወጥ ወይም አስይዞ መበደር አልቻለም። ልጁ 12 ዓመት ሊሆነው ሲቃረብ ደግሞ የ1977ቱ ረኃብ አገሩን አናወጠው።

እንዲህ ባለ ዘመን 10 ልጆች የሚያበላ ሰው አዲስ ነገር ይሞክር ዘንድ አይጠበቅበትም። ዘሩ የታወቀ ዘር፣ የሚዘራበትም ወር የታወቀ ወር መሆን አለበት። ማረሻውን የሚያነሣውና የሚጥለው አባቱ ባሳየው መንገድ ነው። አንድ ክረምት ቢሳሳት ዕዳው የሚከፈለው ከልጆቹ መሶብ ነው። ስለዚህ የአቶ ገብረ ሥላሴን ጥንቃቄ ፍርሃት ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብዙ ዋጋ የተከፈለበት እውቀት ነበር።

በዚህ ቤት ሩጫ እንደ ሥራ አይቈጠርም ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ቤት ለመመለስም ሌላ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ስለሚሮጥ ያ ክንድ ወደ ደረቱ እንደ ታጠፈ ለመደ፤ ኋላም በዓለም አደባባይ በባዶ እጁ ሲሮጥ ክንዱ እንደዚያው ነበር። በ1972 ዓ.ም. «ማርሽ ቀያሪው» ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኙ የ7 ዓመቱ ልጅ ወሬውን በሬዲዮ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ልቡ ከዚያው አልተመለሰም። አባት ግን ሩጫ ሆድ አይሞላም ባይ ነበሩ። ልጃቸው ተምሮ የወር ደመወዝ የሚያገኝበትን ሥራ እንዲይዝ፣ ይህም ባይሆን እርሻውን እንዲያግዝ ነበር የሚሹት። የሻለቃ ኃይሌን ታሪክ መነሻ አድርጎ የተሠራው «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልም ይህንኑ የአባትና የልጅ አለመግባባት ለዓለም አሳይቷል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው፤ ተረቱ ለሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም በአሰላው ቤት ቃል በቃል የሚሠራ ይመስል ነበር። በዚያ ዘመን ሮጦ ባለጸጋ መሆን የተለመደ ነገር አልነበረምና አባትየው ካዩት ተነሥተው ፈረዱ።

አንባቢ ይህን የገበሬ ቤት ጉዳይ ነው ብሎ እንዳያልፈው። የነጋዴ ልጆችም በዚያው ዘመን በከተማ ተቀምጠው ያንኑ ትምህርት ተምረዋል። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የግል ነጋዴ ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ካፒታል በአዋጅ ጣራ ተበጀለት። እንግዲህ ልጆች በጓዳ የሰሙት ምክር ምን እንደ ነበር ለመገመት አያስቸግርም። ገንዘብህን አታሳይ። ሁለተኛ ሱቅ አትክፈት። ከማታውቀው ሰው ጋር ሽርክና አትግባ። ዕቁብህን በጊዜው ጣል፤ ሲደርስህም ወርቅ ግዛበትና በእናትህ ሣጥን አስቀምጠው።

ይህን ምክር የሰማ ልጅ ዛሬ 50 ወይም 60 ዓመት ሆኖታል። በሃያ ሁለት፣ በመርካቶ ወይም በፒያሳ የራሱን ድርጅት ይመራል። ዘመኑና ሕጉ ከተለወጡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ምክሩ ግን ከጆሮው አልወጣም። አዲስ ዕቃ እናስመጣ ቢሉት፣ የሒሳብ መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ይዛወር ቢሉት፣ ከሌላ ነጋዴ ጋር አክሲዮን ማኅበር ያቋቁም ዘንድ ቢጠየቅ፣ መልሱ «እስቲ ይቆይ» ነው። «እስቲ ይቆይ» የተባለው ነገር ስንት ዓመት እንደ ቆየ ደብዳቤዎቹን በፋይል የሚያስቀምጠው ሰው ያውቀዋል።

ወደ ሻለቃ ኃይሌ እንመለስ። በጉርምስና ዕድሜያቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በመስከረም ወር 1985 ዓ.ም. በሶል በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ5,000ና በ10,000 ሜትር አሸነፉ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በስቱትጋርት የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆኑ ሽልማታቸው ሜርሴዲስ መኪና ነበር። ሜዳልያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማያውቅ የገጠር ሰው እንኳ መኪና ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያም በጎተቦርግ፣ በአቴንስና በሴቪል የዓለም ሻምፒዮናዎች፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ፣ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት የሚቀድማቸው አልተገኘም። በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደሟቸው በሰኮንድ 9 መቶኛ ነው።

እስከዚህ ያለው የወጣትነት ታሪክ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚፈለገው ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሲድኒ በኋላ የተረከዝ ጅማታቸው ታሞ በቀዶ ጥገና ታከሙ። በነሐሴ 1993 ዓ.ም. በኤድመንተን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በለመዱት ርቀት ሦስተኛ ወጡ። አንድ ሥራ ለብዙ ዓመት ያበላው ሰው ያ ሥራ መድከም ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ በገበያ ዘወትር ይታያል። ደንበኛው እየቀነሰ፣ ዕቃው ከመደርደሪያው ሳይነሣ እያደረ፣ «ዘንድሮ ገበያው ቀዝቅዞ ነው» እያለ በዚያው ይቀመጣል። ሻለቃ ኃይሌ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ 29 ዓመት ሊሞላቸው 4 ቀን ሲቀር፣ ለንደን ላይ በማራቶን መነሻ መሥመር ቆሙ። ገና ስማቸው ሳይታወቅ በአዲስ አበባ አንድ ማራቶን ሮጠው ነበር፤ ታዋቂ ሯጭ ከሆኑ ወዲህ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ነገሩ ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበረ ለመረዳት የሁለቱን ሩጫዎች ሒሳብ ማስተያየት ያስፈልጋል። 10,000 ሜትር በ400 ሜትር መም ላይ 25 ዙር ነው። ሯጩ የባላንጣዎቹን ጀርባ እያየ ይቆይና በመጨረሻው ዙር ያለውን ጉልበት ሁሉ ያፈሰዋል። የሻለቃ ኃይሌ ፈጣኑ ሰዓት 26 ደቂቃ ከ22 ሰኮንድ ከ75 መቶኛ ነበር፤ ይህም አንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ38 ሰኮንድ መሮጥ ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ላይ ሰውነት ያከማቸው የስኳር ስንቅ ከጥንቃቄ ጉድለት የተነሣ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሊያልቅ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ስንቅ እንዳለቀበት መንገደኛ መሆን ነው። በለንደን የሮጡት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሰኮንድ ሲሆን ሦስተኛ ወጡ። ቢያካፍሉት በየኪሎ ሜትሩ 3 ደቂቃ ይደርሳል። በለመዱት ሩጫ ከሚሮጡት ፍጥነት በየኪሎ ሜትሩ 22 ሰኮንድ ቀንሰዋል ማለት ነው። የዓለም ፈጣን ሰው ወደ አዲሱ ሥራ ሲገባ የተማረው የመጀመሪያ ትምህርት መዘግየት ሆነ።

እዚህ ላይ የአሰላው ገበሬ ትዝ ይላል። ጎተራውን ከአዝመራ እስከ አዝመራ የሚያደርስ ሰው፣ በጥር ወር እህል ሞልቶ ሳለ በነሐሴ የሚመጣውን ባዶ ጎተራ እያሰበ የሚሰፍር ሰው፣ ማራቶን ቢሮጥ ኖሮ መልካም ሯጭ በሆነ ነበር። አባት ልጃቸውን ከሩጫ ለመመለስ የተጠቀሙበት ጥንቃቄ፣ ልጁ በዕድሜ ሲበስል የሩጫው መሣሪያ ሆነ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ለውጡ ግን በአንድ ቀን አልመጣም፤ የድሮውንም ሥራ ወዲያውኑ አልዘጉትም። ወደ መሙ ተመልሰው በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ሮጡ፤ ቀነኒሳ በቀለ ሲያሸንፍና ስለሺ ስህን ሁለተኛ ሲሆን እርሳቸው አምስተኛ ወጡ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአምስተርዳም ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ አሸነፉ። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ56 ሰኮንድ። አዲሱ ሺህ ዓመት በገባ በ19ኛው ቀን፣ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በዚያው በበርሊን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ በመሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበሩ። የተሰበረው ሰዓት የፖል ቴርጋት ነበር። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. የራሳቸውን ወሰን እንደገና አሻሻሉ፤ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰኮንድ። ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሲሆኑ ዕድሜያቸው 35 ነበር።

ከለንደን እስከዚያች ቀን ድረስ ከ6 ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተገኘው ትርፍ 2 ደቂቃ ከ36 ሰኮንድ ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ ቢካፈል 4 ሰኮንድ እንኳ አይሞላም። ከአንዱ ኩንታል ላይ ጥቂት ሳንቲም እያተረፈ ቤት የሠራ የእህል ነጋዴ ይህን ሒሳብ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በዚሁ መካከል ብዙ ሰው የረሳው አንድ ነገር አለ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጣሉ ተብለው ሲጠበቁ አልሮጡም። የአስም ሕመም ስላለባቸው በጊዜው የከተማይቱ አየር የተበከለ መሆኑን ሰምተው ጤናዬን እጎዳለሁ ብለው ተዉት። በምትኩ ነሐሴ 11 ቀን 10,000 ሜትር ሮጡ፤ ስድስተኛ ወጡ። የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ የሌላቸው የክብረ ወሰን ባለቤት ይህን ዕድል መልቀቅ ምን ያህል እንደሚከብዳቸው መገመት ይቻላል። ከ42 ቀን በኋላ ግን በበርሊን ያንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሆነውን ሰዓት ሮጡ። የአባታቸው ልጅ መሆናቸው የታየው በቤይጂንግ ነው። አዲስ ነገር ለመሞከር የደፈሩት ሰው የማይሆነውን ደግሞ አይሆንም ማለትን አልተዉም።

ሙከራው ሁሉ እንደ በርሊን የሰመረም አልነበረም። በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. ለንደን ላይ ዘጠነኛ ወጡ። በዓመቱ እዚያው ለንደን ሩጫውን ሳይጨርሱ አቋረጡ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ጉልበታቸው ታሞ ሲያቋርጡ በዚያው ቀን ሩጫ በቃኝ አሉ፤ ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ ደግሞ ቃላቸውን መልሰው ቀጠሉ። ለአንድ ታላቅ ሰው በሕዝብ ፊት ቃልን መለወጥ ቀላል አይደለም፤ ይሁን እንጂ በብስጭት ቀን የተናገሩትን በማግስቱ መመርመር ለነጋዴም መልካም ልማድ ነው። ጨርሰው ከውድድር መሰናበታቸውን ያስታወቁት በግንቦት 2007 ዓ.ም. በማንቸስተር ነው፤ ያን ጊዜ 42 ዓመታቸው ነበር።

የንግዱም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይለይም። በሩጫ ያገኙትን ገንዘብ በመጀመሪያ ያዋሉት ጠንቃቃ ሰው በሚመርጠው ነገር ላይ፣ በሕንፃ ላይ ነው። በቦሌ መንገድ በባለቤታቸው ስም የተሰየመው ዓለም ሕንፃ ዛሬም ይታያል፤ በውስጡ ሲኒማ ከፍተውበታል። ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት የንግድ ድርጅትም የሁለቱን ስም ይዟል። ሕንፃ ገበሬ የሚረዳው ንብረት ነው፤ እንደ መሬት ቆሞ ይታያል፣ ኪራዩም በወሩ ይመጣል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ግን እየከበደ የሄደ ነው። በማራቶን ሞተርስ በኩል የሂዩንዳይ መኪናዎችን ማቅረብ ያዙ፤ መኪና ደግሞ የውጭ ምንዛሪና የባንክ ኤል ሲ የሚጠይቅ፣ መለዋወጫና መካኒክ የሚፈልግ፣ ከተሸጠም በኋላ ባለዕዳ የሚያደርግ ዕቃ ነው። የቡና እርሻም ገቡ፤ የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ያስጠብቃል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2010 በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሪዞርት ከፈቱ።

ሆቴል ለጠንቃቃ ሰው ከሁሉ የከፋ ንግድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያልተሸጠ ጨርቅ ለነገ ይቀመጣል፤ ያልተከራየ አልጋ ግን ሲነጋ ጠፍቷል፣ ዳግመኛም አይመለስም። ሠራተኛው እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ደመወዙን ይቀበላል። የመንገድ መዘጋት፣ የበሽታ ወሬ፣ የፖለቲካ ሁከት በመጀመሪያ የሚሰማው በሆቴል መዝገብ ላይ ነው። ይህን ንግድ የጀመሩት ከመሙ ላይ ጉልበታቸው እየለቀቀ በመጣበት ጊዜ፣ ወደ 37 ዓመት ሲደርሱ ነው። ከሐዋሳ በኋላ ዝዋይና ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭና አዳማም ስማቸውን የያዘ ሆቴል አገኙ።

በዚህ መካከል የከተማውም ሰው አብሮ የተለወጠበትን ነገር ማንሣት ይገባል። ቀድሞ በአዲስ አበባ ጎዳና ሱፍ የሚለብስ ጎልማሳ ሰው ሲሮጥ ቢታይ «ምን ሆኖ ነው? ማን እያባረረው ነው?» ይባል ነበር። ሩጫ የልጅ፣ የወታደርና የሌባ ሥራ ነበረ። ሻለቃ ኃይሌ እንግሊዛዊው የቀድሞ ሯጭ ብሬንዳን ፎስተር በአገራቸው ከመሠረቱት የጎዳና ሩጫ ልምድ በመቅሰም «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» የተባለውን የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ከሌሎች ጋር አቋቋሙ። የመጀመሪያው በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎች በተገኙበት ተደረገ፤ አሸናፊውም ራሳቸው ነበሩ። በኋለኞቹ ዓመታት ቁጥሩ ከ40,000 በላይ ደርሷል። ከእነዚህ ውስጥ የሚበዙት የሚያሸንፉ አይደሉም፤ ለማሸነፍም አይመጡም። ቦርጭ ያወጣ የመርካቶ አከፋፋይ፣ ነጠላዋን በወገቧ የታጠቀች እናት፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅና የሒሳብ ሹሙ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ይወጣሉ። ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ከወጡ ወዲህ ሮጠው አያውቁም ነበር። በማግስቱ በየቢሮው ደረጃ ሲወጡ የሚሰማው ማቃሰት ምስክር ነው፤ ይሁን እንጂ በዓመቱ ካናቴራ ለመግዛት የሚሰለፉት እነዚያው ናቸው።

ዕድሜ ሲገፋ የተደረገ ሙከራ በሻለቃ ኃይሌ ብቻ የታየ አይደለም። ከዚያው ከአርሲ፣ ከበቆጂ የተገኙት ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ናቸው። ከወሊድ በኋላ ከውድድር ርቀው ቆይተው በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ሲያሸንፉ 37 ዓመታቸው ነበር። በገጠር የሴት ልጅ ዕጣ ከሩጫ ይልቅ ባልና ጎጆ ነው ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን ላደገች ሴት ይህ የሁለት ጊዜ ሙከራ ነው፤ አንዱ በወጣትነት፣ አንዱ በእናትነት።

አሁን ግን የአባትን ወገን መስማት ተገቢ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ከተገደለ በኋላ በብዙ ከተሞች ሁከት ተነሣ። በዚህ ሁከት የሻለቃ ኃይሌ የሻሸመኔና የዝዋይ ሆቴሎች ተቃጠሉ። ለዓመታት የተደከመበት ንብረት በሰዓታት ውስጥ ዐመድ ሆነ፤ በሆቴሎቹ ይሠሩ የነበሩትም ሰዎች በአንድ ሌሊት ሥራ አጡ። ጊዜውም የኮሮና ወረርሽኝ ሆቴሎችን ሁሉ ባዶ ያስቀረበት ነበር። ገንዘብህን አታሳይ፣ ሁለተኛ ሱቅ አትክፈት ይል የነበረው የ1968ቱ አባት በዚያ ቀን ቢኖር «አላልሁህምን?» ባለ ነበር፤ መልስ ለመስጠትም ያስቸግር ነበር። ያገሬው ነጋዴ ከአባቱ የወረሰው ፍርሃት ሥር የሌለው አለመሆኑን ያን ሰሞን ያልተረዳ አልነበረም። በሃያ ሁለትም ብዙ ሱቆች በራቸውን ግማሽ ዘግተው ቀናትን አሳለፉ።

ነገር ግን መዝገቡን ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ሌላም ነገር ያነብበታል። የተቃጠሉት ሁለት ናቸው። ሐዋሳ ቆሞ ነበር፤ የቦሌው ሕንፃ ኪራዩን ይሰበስብ ነበር፤ ቡናው በዛፉ ላይ ነበር፤ መኪናውም ይሸጥ ነበር። ሻለቃ ኃይሌ ሁሉን በአንድ ጎተራ አላከማቹም። ይህን ያስተማራቸው ማን እንደ ሆነ መገመት ለአንባቢ ይተዋል።

ከዚያ በኋላ በሆቴል ሥራቸው ቀጥለው በአዲስ አበባም ስማቸውን የያዘ ትልቅ ሆቴል ከፈቱ።